ጎንደር ላይ ቤት ልንገዛ ነው፤ ከሻጯ ጋር በዋጋም በጊዜም አልተገናኘንም

ማራኪዋ
ኅዳር 4

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

እኔና ባለቤቴ ቤት ልንገዛ ነው። ሁለታችንም በደመወዝ የምንተዳደር ነን። ማራኪ ተከራይተን ነው የምንኖረው። አከራያችን ቤቱን ለልጃቸው ስለፈለጉት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እንድንለቅ ነግረውናል። ያጠራቀምነው ገንዘብ አለ፣ ከቁጠባ ማኅበር ብድር ተፈቅዶልናል፣ ወንድሜም ያግዘናል።

ያገኘነው ቤት ሳሙና በር አካባቢ ነው። 200 ካሬ ላይ ያረፈ ብሎኬት ቤት ነው። ከጓሮ ሦስት ክፍል ሰርቪስ አለው። ካርታ አለው። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፣ ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል። እሳቸው ሰባት ሚሊዮን ብር ይላሉ። እኛ ያለን አምስት ሚሊዮን ተኩል ነው፣ ብንጨናነቅ ትንሽ እንጨምራለን። ደላላው «ስድስት ላይ ይወርዳሉ፣ አታስቡ» አለን። ቤታቸው ሄደን ስድስት ስንል ግን እናትየዋ ከፋቸው። «ማን ነው ስድስት ያለው? እኔ ለማን ተናገርሁ?» አሉን። ለካ ለእሳቸው ደግሞ «ሰዎቹ ሰባት አያቅታቸውም» ተብሏቸው ኖሯል።

ዋጋው ብቻ ቢሆን ባልጨነቀን። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ሙሉውን ይፈልጋሉ። እኛ ደግሞ ስም ሳይዞር ሙሉውን መስጠት ፈራን። ቤቱን የማስረክበው ከጥምቀት በኋላ ነው ይላሉ። እኛ ከታኅሣሥ በኋላ መጠለያ የለንም። ሮቶውን ነቅዬ እወስዳለሁ ብለዋል። ሰርቪሱ ውስጥ ተከራዮች አሉ፣ የእነሱን ጉዳይ ያነሳ የለም።

ቤቱን ወደነዋል። እናትየዋንም ወደናቸዋል። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እንዴት ተቀራረባችሁ?


ባለ 18
ኅዳር 4

እህቴ፣ እኔ በሻጭ በኩል የነበርሁ ነኝ። ቀበሌ 18 የነበረውን የአባታችንን ቤት ከወንድሞቼ ጋር ሸጠናል። ስለዚህ ከዚያኛው ወገን ሆኜ ልንገርሽ።

ሰባት ሚሊዮን የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ጠይቃችኋቸዋል? ሳትደራደሩ በፊት ይህን ጠይቁ። ሻጭ ቁጥሩን ከሜዳ አያነሳውም። እኛ ስንጀምር አንድ ጎረቤት ሸጠበት የተባለውን ዋጋ ይዘን ነበር። ውሉን ያየ አንድ ሰው የለም፣ ወሬ ነው። ግን እናታችን ልብ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ለወራሾች ሲካፈል ለያንዳንዳችን ስንት ይደርሳል ብለን አሰላን። ከዚያ ደግሞ እናታችን የምትገባበት ቤት ስንት ያወጣል አልን። እነዚህን ስንደምር የወጣው ቁጥር ከቤቱ ጋር ዝምድና አልነበረውም። የእኛ ፍላጎት ድምር ነው። ገዢው ግን የሚያየው ግድግዳና ጣሪያ ነው። ታዲያ እንዴት እንገናኝ?

የተገናኘነው ገዢው አንድ ቀን ቁጭ ብሎ «እናቴ፣ ከዚህ ሲወጡ የት ነው የሚገቡት?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልጠየቃትም፣ እኛ ልጆቿ ጭምር። እህቴ ዘንድ ባሕር ዳር መግባት እንደምትፈልግ ያኔ ተናገረች። ሌላ ቤት መግዛት ከሒሳቡ ወጣ። ዋጋውም ወረደ።

ሌላው፣ ሰው ሠላሳ ዓመት የኖረበትን ቤት «ጣሪያው ያረጀ ነው፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል» እያላችሁ ፊቱ አትቁጠሩበት። እውነት ቢሆንም ይከፋዋል። የባለሙያ ወረቀት ይናገርላችሁ።


ጭምት
ኅዳር 4

ያላችሁን ገንዘብ ለማንም አትንገሩ። አምስት ተኩል አለን ካላችሁ አለቀ፣ ከዚያ በታች አይታሰብም። ከአራት ጀምሩ። ሻጭና ገዢ ካልተዋሸ አይገበያይም ይባላል።


ከሜሪላንድ
ኅዳር 5

እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፣ አዲስ ዓለም ነው ያደግሁ። እናቴም በቅርቡ ቤት ሸጣለች። ጭምት ያልከው ለበግ ገበያ ይሠራ ይሆናል። ለቤት ግን አይሆንም፣ ቤት ሽያጭ ከፊርማው በኋላ ወራት ይወስዳል። በውሸት የጀመረ ሰው ወራቱን እንዴት ይዘልቀዋል?

ማራኪዋ፣ እናትየዋ ውጭ አገር ልጅ አላቸው? ካላቸው ቁጥሩ የእሳቸው ላይሆን ይችላል። እኔ የራሴን ልናገር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። ሰባት ሚሊዮን ብር በዱሮው ምንዛሬ ከ120 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ዛሬ ከግማሽ በታች ነው። እዚህ የተቀመጠ ልጅ ይህን ሲያሰላ ቤተሰቡ የተዘረፈ ይመስለዋል። እኔም ለእናቴ «እንዳትሸጪ፣ ጨምሪ» እል ነበር።

ግን የእናንተ ደመወዝ ከዶላሩ ጋር አብሮ እጥፍ አልሆነም። ቤቱን የሚገዛው ጎንደር ውስጥ የሚኖር፣ በብር የሚከፈለው ሰው ነው። ይህን ወንድማማች ሆኖ የሚያስረዳ ያስፈልጋል። ልጁን በስልክ አግኙት። እናትየዋ መሐል ሆነው የእናንተን ለልጃቸው፣ የልጃቸውን ለእናንተ ሲያመላልሱ ይደክማሉ። በቪዲዮ ሁላችሁም አንድ ላይ ተነጋገሩ።

ስለ ጥምቀት ደግሞ ልለምናችሁ። ጥር 11 ለጎንደር ልጅ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልጆቻቸው ከያሉበት የሚመጡት ያኔ ነው። እናት ልጆቿን በቤቷ ሰብስባ ታቦት ሸኝታ መውጣት ብትፈልግ ይህን ዋጋ ለማስጨመር የተደረገ ዘዴ አድርጋችሁ አትዩት።


ማራኪዋ
ኅዳር 5

ከሜሪላንድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ አንድ ልጃቸው አሜሪካ ነው። አንዷ ባሕር ዳር ናት። አንዱ እዚሁ አዘዞ ይኖራል። ስለ ጥምቀቱ እንዲህ አላሰብነውም ነበር፣ ባለቤቴም ሲያነበው ዝም አለ። ግን ሦስት ሳምንት ከነልጆቻችን የት እንደርሳለን የሚለው ጭንቀትም እውነት ነው።


ግንበኛው
ኅዳር 5

የቤቱን ነገር እንይ። ዋጋ ላይ ከመጨቃጨቅ በፊት ባለሙያ ይግባ። የገዢና የሻጭ ግምት ብዙ ጊዜ የሚራራቀው ሁለቱም ቤቱን ስለማያውቁት ነው።

በመጀመሪያ፣ «ብሎኬት» የተባለው ሙሉ በሙሉ ብሎኬት ነው ወይ? ጎንደር ውስጥ በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ቤት ብዙ ነው። ፊቱ ብሎኬት ሆኖ ጓሮው ጭቃ የሆነም አለ። ሻጭ ሊያታልል ፈልጎ ላይሆን ይችላል፣ ሟቹ ባላቸው እንዴት እንዳሠሩት እናትየዋ ላያውቁ ይችላሉ። መሠረቱን እዩ። ጥቁር አፈር ላይ ያረፈ ቤት ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ግድግዳውን ይቀደዋል። ወደ አዘዞ ሜዳ ስትወርዱ ይህ ችግር በደንብ ይታያል። በመስኮትና በበር ጥግ ሰያፍ ስንጥቅ ካያችሁ ጠይቁ። የልስን ስንጥቅ ከሆነ አያስፈራም።

ስንጥቁን የሚጠግን ሰው ስንት ይጠይቃል? ያን ቁጥር በወረቀት ያዙ። «ቤቱ አርጅቷል፣ አንድ ሚሊዮን ቀንሱ» ማለትና «ጣሪያውን ለመቀየር ቆርቆሮና እንጨት ይህን ያህል ያስወጣል» ማለት አንድ አይደለም። ሁለተኛውን ሻጭ ቢጠላውም ይሰማል።

በሻጭ በኩልም ፍትሐዊ እንሁን። የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። እናትየዋ «ይህን ቤት ዛሬ ብትሠሩት በስንት ይወጣል?» ቢሏችሁ ትክክል ናቸው። ግን አዲስ ቤት የሚወጣበት ዋጋና የኖረ ቤት የሚሸጥበት ዋጋ ይለያያል። እርጅናው ይቀነሳል።

ሮቶውን አትናቁት። የጎንደር ውኃ በፈረቃ ነው። አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ከተማው ሲያድግ ዝም ብለን አየን። ሮቶ የሌለው ቤት ገዝታችሁ ልጆች ይዛችሁ ስትገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ይገባችኋል። ማቆሚያው ብረት ከቤቱ ጋር የተበየደ ከሆነ አብሮ ይቅር በሉ። ካልሆነ ዋጋ ይቆረጥለት። መብራት ቆጣሪውና ውኃ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነና ቀሪ ክፍያ እንዳለበትም አረጋግጡ።

ወደ ላይ ፎቅ እንሠራለን ብላችሁ አስባችሁ ከሆነ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። ፒያሳ፣ የፋሲል ግንብ ዙሪያ ቢሆን ኖሮ ቅርስ ስለሆነ ጥያቄው ሌላ ነበር። ሳሙና በር ቢሆንም የአካባቢው ፕላን ምን እንደሚፈቅድ በአፍ አትመኑ።


ጡረተኛው
ኅዳር 6

ልጄ፣ ሽማግሌ ያዙ። ደላላ ይቅር ማለቴ አይደለም፣ እሱ ሥራው ነው። ግን እናትየዋ የሚያከብሩት አንድ ሰው፣ የንስሐ አባታቸውም ይሁኑ የእድራቸው ዳኛ፣ መሐል ይቀመጥ። እናንተም አንድ ታላቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ስትናገሩም «አንቱ» በሉ፣ ልጆች ዛሬ «እርስዎ» ትላላችሁ፣ ለእኛ ዘመን ሰው አንቱታው ይሞቃል። መጀመሪያ ቀን ዋጋ አታንሱ። ማን እንደሆናችሁ፣ የማን ልጆች እንደሆናችሁ፣ ቤቱን ለምን እንደፈለጋችሁት ተናገሩ። ቤቷን ለሚኖርበት ሰው መስጠትና አፍርሶ ለሚሸጥ ሰው መስጠት ለእናት አንድ አይደለም።


የሕግ ሰው
ኅዳር 6

ሽማግሌው የተናገሩት መልካም ነው። እኔ ከሽማግሌ በኋላ ያለውን ልናገር። ብዙ ጠብ ሲነሳ ያየሁት ሁለቱም ወገን ሕጉ የሚለውን ሳያውቅ የየራሱን ሲጠብቅ ነው።

ካርታው በማን ስም ነው? በሟች ባላቸው ስም ወይም በሁለቱ ስም ከሆነ ሻጯ እናትየዋ ብቻ አይደሉም። በጋብቻ የተፈራ ንብረት ከሆነ ግማሹ የእሳቸው ነው። የሟች ግማሽ የወራሾች ነው። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይወጣል። ከዚያ ልጆቹ በሙሉ ይፈርማሉ ወይም ይወክላሉ። አሜሪካ ያለው ልጅ ውክልና የሚሰጥ ከሆነ «ቤቱን ለመሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ ሊኖርበት ይገባል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ለቤት ሽያጭ አይበቃም። ወረቀቱ በኤምባሲ አልፎ፣ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። «በሁለት ሳምንት ይለቅልናል» ያለ ገዢ እዚህ ላይ ነው ሻጭ አታለለኝ የሚለው። ማንም አላታለለውም፣ ወረቀቱ ነው።

የሚሸጠው ቤቱ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይህን ይላል። ስለዚህ ቦታው ነባር ይዞታ (ያለ ሊዝ የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ለተወሰነ ዘመን ከመንግሥት በክፍያ የተያዘ) የሚለውን እዩ። ሊዝ ከሆነ ቀሪ ክፍያ አለው ወይ? ማን ይከፍላል? ቤቱ ታግዶ ወይም በብድር ተይዞ እንደሆነም ከማዘጋጃ ቤት ማረጋገጫ ይውጣ።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። አንቀጽ 1723 እና 2877 ለማይንቀሳቀስ ንብረት የሚጠይቁት ነው። መንደር ላይ በሁለት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ይዞ ፍርድ ቤት የሚመጣ ሰው መከራውን ነው የሚያይ።

ቀብድ ላይ ቆም በሉ። አንቀጽ 1885 እንዲህ ይላል፦ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ሰው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ሰዎች ይህን ሰምተው «እንግዲህ ታሰረ» ይላሉ። አልታሰረም። ሃምሳ ሺህ ብር ቀብድ ሰጥታችሁ ዋጋው በሁለት ወር ግማሽ ሚሊዮን ቢጨምር፣ መቶ ሺህ መልሶ ለሌላ መሸጥ ሻጭን ያዋጣዋል። ሕጉም ይፈቅድለታል፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር። ስለዚህ ቀብዱ ሚዛን የሚደፋ ይሁን፣ ወይም ውሉ ላይ የማይቀር ግዴታ መሆኑን ጻፉ። ለሁለቱም ይጠቅማል፣ ለእሳቸውም ገዢ እንዳይጠፋባቸው።

እውነተኛውን ዋጋ ጻፉ። የቴምብር ቀረጡ ከዋጋው 2 በመቶ ስለሆነ ብዙ ሰው አሳንሶ ይጽፋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም የራሱን ግምት ይሠራል። ነገ ውሉ ቢፈርስ የሚመለስላችሁ የተጻፈው ነው። የስም ማዞሪያውን ወጪና ግብር ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ እዚህ ላይ በመጨረሻ ሰዓት የፈረሰ ሽያጭ አውቃለሁ።


የአራዳው ደላላ
ኅዳር 6

ስለ እኛ ብዙ ስለተባለ መልስ ልስጥ። ለአንዱ ስድስት ለሌላው ሰባት ማለት ትክክል አይደለም። የሠራው ሰው ሁለቱን ቤት ውስጥ ካገናኘኋቸው ይስማማሉ ብሎ ነው። እኔ እንዲህ አልሠራም። ገዢና ሻጭ ተቀያይመው ሲለያዩ የእኔም ስም ነው የሚጠፋ፣ ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት።

የኮሚሽን ልማዱ ሁለት በመቶ ነው። ከማን እንደሚወሰድና ከየትኛው ዋጋ ላይ እንደሚሰላ ከመጀመሪያው ቀን ይነገር። ሻጭ «ለእኔ ይህን ያህል ይድረሰኝ፣ ከላይ ያገኘኸው ያንተ» ሲል እምቢ እላለሁ፣ ያ ነው ሁለት ዋጋ የሚወልደው። ማራኪዋ፣ ለደላላችሁ በሁለታችሁ ፊት አንድ ዋጋ እንዲናገር ንገሩት። ካልፈለገ ሌላ ያዙ።


ባንክ ቤት
ኅዳር 7

ስለ ክፍያው አጭር ነገር። ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከተወሰነ በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ተጥሎባቸው ነበር፣ ነሐሴ 2015 ላይ 14 በመቶ ነበር፣ በ2017 ወደ 18 ከፍ ብሎ ነበር። ለዚህ ነው ጥሬ ገንዘብ ያለው ገዢ ያነሰው። ሻጮች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው፣ ሰባት ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው ብዙ የለም። የባንክ መሐንዲስ ግምትም ብዙ ጊዜ ከገበያው ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ እናትየዋን የባንክ ግምት እያሳያችሁ አታስጨንቋቸው።

ሁለታችሁም የምትፈሩት አንድ ነገር ነው፣ ገንዘብ ወይም ቤት ሰጥቶ ባዶ እጅ መቅረት። ከፊሉን በፊርማው ቀን በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት ሰነድ) ስጡ። ቀሪውን በሁለታችሁ ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ አስቀምጡ፣ ስም ሲዞር ይለቀቅ። እናትየዋ ገንዘቡ መኖሩን በዓይናቸው ያያሉ። እናንተም ካርታው ሳይመጣ አልሰጣችሁም።


ጭምት
ኅዳር 7

ይህ የመጨረሻው ጥሩ ሐሳብ ነው። በዋጋው ላይ ግን አሁንም አምስት ተኩሏን ወዲያው አታውጡ እላለሁ።


ማራኪዋ
ታኅሣሥ 2

ቆየሁባችሁ፣ ውጤቱን ልንገራችሁ።

ከባለቤቴ አጎትና ከእናትየዋ የእድር ዳኛ ጋር ሄድን። መጀመሪያ ቀን ዋጋ አላነሳንም። ከዚያ መሐንዲስ አስገባን፣ እናትየዋ አብረውት እየዞሩ እሱ ያለውን ሰሙ። ዋናው ቤት ብሎኬት ነው። ሰርቪሱ ግን ሁለቱ ክፍል ጭቃ ነው፣ እሳቸውም አላወቁም ነበር። «አባታቸው ነው ያሠራው፣ እኔ እንጀራ ስጋግር ነበር» አሉ።

ልጃቸውን በቪዲዮ አገኘነው። ሰባት የእሱ ቁጥር ነበር። የእኛን ደመወዝና የብድሩን ወረቀት ሳንደብቅ አሳየነው፣ ጭምት ይቅር በለኝ። ከእኛ በላይ የከፈለ ሰው ካለ እንደማንቀየም ነገርነው። ቤቱ በአራት ወር ውስጥ ስድስት ያለ ሰው እንኳ እንዳላመጣ ወንድሙ ከአዘዞ ሆኖ ነገረው። እናትየዋ ሌላ ቤት አይገዙም፣ ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ነው የሚገቡት። ለእሳቸው ዋናው ነገር ገንዘቡ ሳይበተን በስማቸው ባንክ መግባቱ ነበር። ይህን ደላላው አንድም ቀን አልነገረንም።

በአምስት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ተስማማን። ሦስት መቶው ከዕቅዳችን በላይ ነው። ሁለት መቶውን ወንድሜ ጨመረልን፣ መቶ ሺሁን ለሰርቪሱ ጥገና ካሰብነው አነሳን። ሮቶው ቀረልን። ስም ማዞሪያውን እኛ እንከፍላለን፣ ያልተከፈለ የቦታ ግብር ካለ እሳቸው። ከተከራዮቹ አንዷ ተማሪ ስለሆነች እስከ ሰኔ ትቆያለች፣ ኪራይዋን ስሙ ከዞረ በኋላ ለእኛ ትከፍላለች። ሌሎቹ በጥር ይለቃሉ።

ጥምቀትን በቤታቸው ያሳልፋሉ። እኛ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ዕቃችንን ዋናው ቤት አንዱ ክፍል ውስጥ እናስቀምጣለን፣ ራሳችን እህቴ ዘንድ ጨጨላ እንሰነብታለን። ጥር 20 ላይ ያስረክቡናል። የወራሽነት ማረጋገጫው ወጥቷል። የአሜሪካው ልጅ ውክልና እየመጣ ነው፣ ስሙ የሚዞረው ውክልናው ሲደርስ ነው።


የሕግ ሰው
ታኅሣሥ 2

እንኳን ደስ አላችሁ። ጥር 20 ላይ ባያስረክቡስ? ውክልናው ቢዘገይስ? በውሉ ተጽፏል?


ማራኪዋ
ታኅሣሥ 3

ረቂቁ ላይ አለ። ማስረከቡ ከተባለው ቀን ካለፈ በየወሩ የምንከራይበትን ያህል ገንዘብ ከቀሪው ክፍያ ይቀነሳል። እኛም ቀሪውን ካዘገየን ያንኑ ያህል እንጨምራለን። ውክልናው እስከ የካቲት መጨረሻ ካልደረሰ ሁለታችንም ያለ ቅጣት መውጣት እንችላለን፣ የሰጠነው ይመለሳል። ይህን የመጨረሻውን ያስጨመሩት እናትየዋ ናቸው። «ልጄ ቢዘገይ እናንተ ለምን ትጎዳላችሁ» አሉ።


የሕግ ሰው
ታኅሣሥ 3

ጥሩ ነው። የዕቃ ማስቀመጫ ክፍሉንና የተማሪዋን ጉዳይም እዚያው ጻፉት። ከመፈረማችሁ በፊት ረቂቁን ለሁለቱ ልጆችና ለአሜሪካው ላኩላቸው፣ አንብበው ይመልሱ።


ማራኪዋ
ታኅሣሥ 3

ዛሬ ማታ እልክላቸዋለሁ። ሰኞ ውልና ማስረጃ ቀጠሮ አለን።